ከስንት ውስጥ ስንት?
የኮሌጅ ምሩቃን ቁጥርና ከመዝገብ ውጭ የሚቀረው ሠርቶ አደር ተማሪ

ቁጥር በባሕርዩ ዝምተኛ ነው፤ የሚናገረው የጠየቁትን ያህል ብቻ ነው። አንድ የዕድር ጸሐፊ በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ቆሞ «በዚህ ዓመት ከመቶ ዘጠና አምስቱ አባላት መዋጮአቸውን በወቅቱ ከፍለዋል» ብሎ ሪፖርት ቢያቀርብ፣ ጉባኤው በጭብጨባ ከመቀበሉ በፊት አንድ ጥያቄ ማንሳት ይኖርበታል። ጸሐፊው መቶ ሲል የቆጠረው ማንን ነው? መክፈል አቅቷቸው በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ስማቸው ከመዝገብ የተፋቀው አባላት በመቶው ውስጥ አሉ ወይስ የሉም? ከሌሉ፣ ዘጠና አምስቱ እውነት ሆኖ ሳለ ሪፖርቱ ሐሰት ነው። ሐሰቱ ያለው በተነገረው ቁጥር ላይ ሳይሆን ባልተነገረው ላይ ነው።

በዛሬው ጽሑፋችን ይህንኑ ጥያቄ ወደ መንግሥት ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ወስደን እንመለከተዋለን። አንድ የትምህርት ተቋም ከተቀበላቸው ተማሪዎች ውስጥ ስንቱን አስመረቀ? ስንቱስ ወደ ሌላ ተቋም ተዛውሮ ትምህርቱን ቀጠለ? እነዚህ ሁለት መለኪያዎች፣ ማለትም የምረቃ መጠንና የዝውውር መጠን፣ ላይ ላዩን ሲታዩ ደረቅ የጽሕፈት ቤት ሥራ ይመስላሉ። ይሁን እንጂ በጀት ሲመደብ፣ ኮሌጅ ሲመሰገን ወይም ሲወቀስ፣ ወላጅም ልጁን የት እንደሚያስገባ ሲወስን መነሻ የሚሆኑት እነዚሁ ቁጥሮች ናቸው። ስለሆነም የቁጥሩ አወጣጥ የጥቂት ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ ሆኖ ሊቀር አይችልም። አቋማችን ግልጽ ነው፤ እየሠራ የሚማረውን ሰው ከመቁጠሪያው ውጭ የሚያደርግ መለኪያ፣ ስሌቱ የቱንም ያህል የተጣራ ቢሆን፣ የሕዝብ ተቋም መመዘኛ ሊሆን አይገባውም።

ለትንተናችን የምንወስደው ተጨባጭ ሁኔታ የዩናይትድ ስቴትስ ኦፍ አሜሪካን ነው። ምክንያታችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ይህ መለኪያ በዚያች ሀገር ሕግ ሆኖ ከወጣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ስላስቆጠረ ጥቅሙም ጉዳቱም በገሃድ ታይቷል። ሁለተኛ፣ በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂንያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ቀን ሥራ ውለው ማታ ደብተር የሚይዙት በአብዛኛው በእነዚሁ የሕዝብ ኮሌጆች ውስጥ በመሆኑ ነገሩ ከእኛም ቤት የራቀ አይደለም። የሀገራችንን ዘመን ለይተን ካላመለከትን በስተቀር፣ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የተቋማቱን አመሠራረት ማየት ተገቢ ነው። በ1901 በኢሊኖይ ግዛት በጆልየት ከተማ የተከፈተው ኮሌጅ በአሜሪካ የመጀመሪያው የሕዝብ የሁለት ዓመት ኮሌጅ መሆኑ ይታወቃል። ዓላማውም የከተማው ልጆች ከቤታቸው ሳይርቁ የዩኒቨርሲቲን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ተምረው ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲ እንዲሻገሩ ነበር። በ1960 የካሊፎርኒያ ግዛት ያወጣው የከፍተኛ ትምህርት መሪ ዕቅድም ይህንኑ ሐሳብ በግዛት ደረጃ አደራጀው። በዕቅዱ መሠረት ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከስምንቱ አንዱ በግዛቱ ዩኒቨርሲቲ፣ ከሦስቱ አንዱ በግዛቱ የአራት ዓመት ኮሌጆች ሊገባ ይችላል፤ ለቀሪው ሁሉ የሁለት ዓመቱ ኮሌጅ በር ክፍት ሆኖ፣ ከዚያም ወደ ላይ የመዛወሪያው መንገድ ይጠበቅለታል። እንግዲህ ዝውውር ከጎን የተለጠፈ ትርፍ ነገር አይደለም፤ እነዚህ ኮሌጆች የተፈጠሩበት ምክንያት ነው። ድልድይ የሚመዘነው ያሻገረውን ሰው በመቁጠር እንጂ በላዩ ላይ የቀረውን በመቁጠር እንዳልሆነ ማንም ይረዳዋል።

መለኪያው ግን ከድልድዩ አልተወለደም። ከየት ተወለደ ቢሉ፣ ከስፖርት ሜዳ ነው። በ1980ዎቹ ዓመታት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በእግር ኳሳቸውና በቅርጫት ኳሳቸው ገንዘብ ሲያገቡ፣ ጉልበታቸውን የሚያፈሱት ወጣቶች ግን ያለ ዲግሪ እንደሚቀሩ ብዙ ተነገረ። የኒው ጀርሲው ሴናተር ቢል ብራድሌይ እንዲሁም የምክር ቤት አባላቱ ቶም ማክሚለንና ኤድ ታውንስ የተነሡት ይህን ለመግለጥ ነበር። ብራድሌይና ማክሚለን ራሳቸው ቀድሞ የታወቁ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች እንደነበሩ ልብ ይሏል። ጥረታቸው ሰፍቶ ስፖርተኛውን ብቻ ሳይሆን ተማሪውን ሁሉ የሚመለከት «የተማሪው የማወቅ መብት» የተሰኘ ሕግ በኅዳር 1990 ጸደቀ። የመንግሥት ዕርዳታ የሚያገኝ ኮሌጅ ሁሉ የምረቃ መጠኑን እንዲገልጥ ግዴታ ገባ። ሰው የሚገባበትን ተቋም ውጤት አስቀድሞ የማወቅ መብት አለው የሚለው የሕጉ መነሻ ትክክለኛና የሚደገፍ ነው።

ችግሩ ያለው በትርጓሜው ላይ ነው። ሕጉ የሚያስቆጥረው በመጸው ወራት ለመጀመሪያ ጊዜ ኮሌጅ የገባውንና ሙሉ ጊዜውን ለትምህርት የሰጠውን ተማሪ ነው። ይህ ተማሪ ለትምህርቱ ከተመደበው ጊዜ አንድ ጊዜ ተኩል በሆነ ዘመን ውስጥ፣ ማለትም የሁለት ዓመቱን በሦስት፣ የአራት ዓመቱን በስድስት ዓመት ውስጥ፣ በገባበት ተቋም ከጨረሰ ተመራቂ ይባላል። የሞተ፣ ዘላቂ የአካል ጉዳት የደረሰበት፣ ወደ ጦር ሠራዊት የገባ ወይም ለሃይማኖት ተልእኮ የሄደ ተማሪ ከስሌቱ እንዲወጣ ተፈቅዷል። ለስፖርተኛው ይህ ትርጓሜ ልኩ ነው። በስፖርት ነፃ ትምህርት ያገኘ ወጣት ሙሉ ጊዜ መማር ግዴታው ስለሆነ ልብሱ ለእርሱ ተሰፍቶ ነበር ማለት ይቻላል። ኋላ ግን ይኸው ልብስ ለሕዝቡ ሁሉ እንዲለበስ ተደረገ።

ልብሱ ለማን እንደጠበበ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአንድ የሆስፒታል ወጥ ቤት ወይም በአንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ በቀን ስምንት ሰዓት የሚሠራን ወገናችንን እንውሰድ። በየመንፈቁ ከሁለት ትምህርት በላይ መያዝ አይችልም። አንድ ትምህርት በተለምዶ ሦስት ክሬዲት ነው፤ ሁለቱ ስድስት ይሆናሉ። የሙሉ ጊዜ ተማሪ ለመባል ቢያንስ አሥራ ሁለት ክሬዲት ያስፈልጋል። የሁለት ዓመቱ ዲግሪ ስድሳ ክሬዲት ያህል ስለሆነ፣ ይህ ሰው አንድም መንፈቅ ሳያቋርጥ፣ አንድም ፈተና ሳይወድቅ ቢገሰግስ የሚጨርሰው በአምስት ዓመት ነው። እንግዲህ በመለኪያው ፊት ምን ይሆናል? ወድቋል እንኳ አይባልም። ከመጀመሪያውኑ አልገባም፤ በመዝገቡ ላይ የለም። በአሜሪካ የሕዝብ የሁለት ዓመት ኮሌጆች ከሚማሩት ውስጥ ከሦስቱ ሁለት ያህሉ የትርፍ ጊዜ ተማሪዎች መሆናቸውን ስናስታውስ፣ ከመዝገብ ውጭ የቀረው ጥቂቱ ሳይሆን ብዙኃኑ መሆኑ የማይታበል ሐቅ ይሆናል።

የተዛወረው ተማሪ ዕጣም ከዚህ የተሻለ አልነበረም። ከሁለት ዓመት ኮሌጅ ወጥቶ ወደ ዩኒቨርሲቲ የተሻገረ ሰው የኮሌጁን ወረቀት ሳይቀበል ከሄደ፣ ለለቀቀው ኮሌጅ ተመራቂ አይደለም። ዩኒቨርሲቲውም ለመጀመሪያ ጊዜ ኮሌጅ የገባ ተማሪ ስላልሆነ አይቆጥረውም። ሰውዬው ዲግሪውን በክብር ቢቀበልም ከሁለቱ በአንዱም ምሩቅ ሆኖ አይታይም። ከታወቁት ሰዎች መካከል ምሳሌ ብንፈልግ፣ ባራክ ኦባማ በ1979 በካሊፎርኒያ ኦክሲደንታል ኮሌጅ ገብተው በ1981 ወደ ኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተዛውረው በ1983 ተመርቀዋል። ሁለቱ የግል ተቋማት ናቸው፤ ሕጉም ያኔ ገና አልወጣም ነበር። ሆኖም በዚህ ስሌት ቢቆጠሩ ኖሮ፣ ኋላ የሀገሪቱ ፕሬዚዳንት የሆኑት ሰው ለመጀመሪያው ኮሌጅ ያልጨረሰ፣ ለሁለተኛው ያልነበረ ተማሪ በሆኑ ነበር። ኮሌጆች የተዛወሩትን ለይተው እንዲያስታውቁ የሚያደርግ መስመር በመጠይቁ ላይ ቢኖርም፣ ሕዝብ በዓይኑ የሚያየውና ጋዜጣ የሚያወጣው ቁጥር ግን የምረቃው መጠን ብቻ ሆኖ ቆይቷል።

ነገሩን በምሳሌ እናጠናክረው። ሁለት ኮሌጆች እያንዳንዳቸው መቶ ተማሪዎች ተቀበሉ እንበል። በሁለቱም ከመቶዎቹ ሠላሳዎቹ አዲስ የገቡ የሙሉ ጊዜ ተማሪዎች ናቸው። የቀሩት ሰባዎቹ የትርፍ ጊዜ ተማሪዎች ወይም ትምህርት አቋርጠው የተመለሱ ናቸው። በሁለቱም ከሠላሳዎቹ ዘጠኙ በሦስት ዓመት ውስጥ ተመረቁ። ስለዚህ ሁለቱም «የምረቃ መጠናችን 30 በመቶ ነው» ብለው ሪፖርት ያደርጋሉ። አሁን ግን መጋረጃውን እንግለጠው። በአንደኛው ኮሌጅ ከሰባዎቹ ውስጥ ሃያው በአምስትና በስድስት ዓመት ጨርሰዋል፤ በሁለተኛው የጨረሱት ሦስት ብቻ ናቸው። እንግዲህ አንደኛው ከመቶ ሃያ ዘጠኝ፣ ሁለተኛው ከመቶ አሥራ ሁለት አስመርቋል። ለሠርቶ አደሩ ተማሪ አንደኛው ቤቱ ነው፤ ሁለተኛው ገንዘቡንና ዘመኑን የሚበላበት ጉድጓድ ነው። መለኪያው ግን በሁለቱ መካከል ልዩነት አላየም። በመሆኑም የተሳሳተ ቁጥር ደካማውን ኮሌጅ ከመሸፈኑም በላይ፣ የደከመውን ሰው አገልግሎ የሚያድረውን ኮሌጅ ያለ ፍርድ ያዋርዳል።

ይህ ቅራኔ ሳይታወቅ አልቀረም። በ2008 የወጣው የከፍተኛ ትምህርት ሕግ ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ እንዲቋቋም አዘዘ። ኮሚቴው በ2011 መጨረሻ ባቀረበው ሪፖርት የትርፍ ጊዜና የተዛወሩ ተማሪዎች እንዲቆጠሩ ሐሳብ አቀረበ። ከ2015 እስከ 2016 ባለው የትምህርት ዘመን መረጃ ስብሰባ ጀምሮም የሀገሪቱ ትምህርት መሥሪያ ቤት ተማሪዎችን በአራት ፈርጅ ከፍሎ ማስቆጠር ጀመረ፤ እነርሱም አዲስ የሙሉ ጊዜ፣ አዲስ የትርፍ ጊዜ፣ ከዚህ ቀደም የተማረ የሙሉ ጊዜ፣ ከዚህ ቀደም የተማረ የትርፍ ጊዜ ናቸው። የቆጠራውም ጊዜ እስከ ስምንት ዓመት ተራዘመ። ሠርቶ አደሩ ተማሪ በመንግሥት ሰንጠረዥ ላይ ስፍራ ያገኘው ሕጉ ከጸደቀ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ መሆኑ ሊሰመርበት ይገባል።

ሌላም መንገድ ነበር፤ ይኸውም ተቋሙን ትቶ ሰውን መከተል ነው። በ1993 የተቋቋመው ብሔራዊ የተማሪዎች መረጃ ማእከል ከኮሌጆች ምዝገባ እየሰበሰበ አንድ ተማሪ የትም ቢሄድ ዱካውን መከተል ቻለ። ውጤቱ ምን አሳየ? በመንግሥት የሁለት ዓመት ኮሌጅ አዲስ ከገቡት የሙሉ ጊዜ ተማሪዎች በዚያው በሦስት ዓመት የሚጨርሱት በተለመደው ስሌት ከአሥሩ ሦስት ገደማ ናቸው። በእነዚሁ ኮሌጆች የጀመሩት ሁሉ፣ የትርፍ ጊዜ ተማሪዎችም ጭምር፣ በሄዱበት ቦታ ሁሉ ተከትለው ለስድስት ዓመት ሲታዩ ግን፣ በቅርብ ዓመታት አንድ የትምህርት ማስረጃ ያገኙት ከመቶ ከአርባ በላይ ሆነው ተገኙ። ተማሪው አልተለወጠም፤ ኮሌጁም አልተለወጠም። የተለወጠው የምንጠይቀው ጥያቄ ነው።

በዚህ ላይ ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ አለ፤ ሸፍነን አናልፈውም። «ይህ ሁሉ የደካማ ኮሌጆች ማመካኛ ነው፤ መጥፎ ውጤት ሲገኝ ሚዛኑን መለወጥ ሌላ ምንድን ነው?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው አግባብ አለው። መልሱ ግን የተሟላ ቆጠራ ለማንም የማያዳላ መሆኑ ነው። ይልቁንም ያልተሟላው ቁጥር ሸሽጎት የኖረውን ሌላ ጥፋት አደባባይ ያወጣል። ይኸውም በኮሌጁና በዩኒቨርሲቲው መካከል ያለው የተሰበረ ድልድይ ነው።

ወደ ማኅበረሰብ ኮሌጅ ከሚገቡት ከመቶው ሰማንያ ያህሉ የመጀመሪያ ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ማግኘት እንደሚሹ ይናገራሉ። በ2007 መጸው በመላ ሀገሪቱ በእነዚህ ኮሌጆች አዲስ ከገቡት ከሰባት መቶ ሺህ በላይ ተማሪዎች ውስጥ ግን በስድስት ዓመት ጊዜ ወደ አራት ዓመት ተቋም የተዛወሩት 33 በመቶ ነበሩ፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ያገኙት ደግሞ ከጀመሩት ሁሉ 14 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከሰማንያ ወደ አሥራ አራት! ይህ የሰው ስንፍና ነው ብሎ መደምደም ይቀላል። ነገር ግን የአሜሪካ ኮንግሬስ የተጠያቂነት መሥሪያ ቤት በ2017 ያወጣው ጥናት ሌላ ነገር ይመሰክራል። ከ2004 እስከ 2009 ባሉት ዓመታት ከተቋም ወደ ተቋም የተዛወሩ ተማሪዎች ካገኙት ክሬዲት በአማካይ 43 በመቶ ያህሉን አጥተዋል። ተማሪው ተምሮ፣ ከፍሎ፣ ተፈትኖ ያለፈበትን ትምህርት አዲሱ ተቋም «አላውቀውም» ይለዋል፤ እንደገና ተማር፣ እንደገና ክፈል ይባላል። አንድ ሠራተኛ ፋብሪካ በለወጠ ቁጥር የሠራበት ደመወዝ ግማሽ ያህሉ ቢሰረዝበት ዝም ይላልን? የተማሪው ኪሳራ ግን ማንም ሳያየው ኖረ፤ የትኛውም ኮሌጅ በሪፖርቱ ላይ እንዲያሰፍረው አልተጠየቀምና።

ሁለተኛው ጭብጥ ቁጥሩ ለምን ተግባር ይውላል የሚለው ነው። የቴኔሲ ግዛት በ1979 ለኮሌጆች ከሚሰጠው በጀት የተወሰነውን በውጤት ላይ እንዲመሠረት አደረገ፤ በ2010 ባወጣው ሕግም ይህን አሠራር እጅግ አሰፋው። ሌሎች ብዙ ግዛቶችም ተከተሉ። «ላስመረቀ ገንዘብ፣ ላላስመረቀ ባዶ እጅ» የሚለው መርሕ ለጆሮ ፍትሐዊ ይመስላል። ተግባሩ ግን ሁልጊዜ እንደ መርሑ አልሆነም። በዋሽንግተን ግዛት የማኅበረሰብ ኮሌጆች ላይ የተደረገ ጥናት፣ አሠራሩ ከመጣ በኋላ በአጭር ጊዜ የሚገኙ የምስክር ወረቀቶች ሲበረክቱ የሁለት ዓመቱ ዲግሪ ግን እንዳልጨመረ አሳይቷል። በኢንዲያና ግዛት ደግሞ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቅበላቸውን እንዳጠበቁና በር ላይ የቀረውም የድኻውና የአናሳው ወገን ልጅ እንደሆነ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ትርጉሙ ግልጽ ነው። የምረቃን መጠን ከፍ ለማድረግ ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ የገባውን ሁሉ ደግፎ ማድረስ ነው፤ ሌላው የሚያደርሰው ጉልበት ያለውን ብቻ መርጦ ማስገባት ነው። የመጀመሪያው ሥራ ነው፤ ሁለተኛው ሒሳብ ነው። ሚዛኑ ሁለቱን ካልለየ፣ ድካም የሚጠይቀውን ትተው የሚቀለውን የሚመርጡ መብዛታቸው አይቀርም።

ታዲያ ሥራው ምን ይመስላል? በኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ በ2007 የተጀመረው ልዩ የድጋፍ ዕቅድ ትምህርት ይሰጠናል። ዕቅዱ ለተማሪው የምድር ባቡርና የአውቶቡስ መሳፈሪያ ካርድ፣ የመጻሕፍት ወጪ፣ ያልተሸፈነ የትምህርት ክፍያ፣ አዘውትሮ የሚያገኘውም አማካሪ ይሰጣል። ተማሪዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ያወዳደረ ጥናት በ2015 እንዳስታወቀው፣ ድጋፉን ካገኙት በሦስት ዓመት የተመረቁት 40 በመቶ ሲሆኑ ካላገኙት የተመረቁት 22 በመቶ ነበሩ። በኦሃዮ ሦስት ኮሌጆችም ሲሞከር ውጤቱ ተቀራራቢ ሆኗል። ኮሌጁ ያው፣ ሠፈሩም ያው፣ ችሎታቸውም ያው የሆኑ ሰዎች፣ መሳፈሪያ፣ መጽሐፍና የሚጠይቃቸው ሰው ሲያገኙ ቁጥራቸው እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀረው። ሆኖም አንድ ነገር መደበቅ የለበትም። ዕቅዱ ተማሪው ሙሉ ጊዜ እንዲመዘገብ ያስገድዳል። ሥራውን መተው ለማይችለው ቤተሰብ አስተዳዳሪ ይህ በር ገና አልተከፈተም። ስለዚህ ስኬቱን ስናደንቅ፣ ያስቀራቸውንም መቁጠር አለብን።

ድልድዩን በመጠገን ረገድም አርአያ የሚሆን ሥራ አለ። የፍሎሪዳ ግዛት በ1971 ባደረገው ስምምነት ከሁለት ዓመት ኮሌጅ ወደ ግዛቱ ዩኒቨርሲቲዎች የሚደረገውን ሽግግር ደንብ አበጀለት። የትምህርቶቹንም መለያ ቁጥር በግዛቱ ሁሉ አንድ በማድረግ፣ እዚህ የተማሩት እዚያ እንዲታወቅ መንገድ ከፈተ። ካሊፎርኒያ በ2010 ባወጣው ሕግ ለዝውውር ተብሎ የተዘጋጀውን የሁለት ዓመት ዲግሪ የያዘ ተማሪ በግዛቱ የአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲዎች ሥርዓት ውስጥ ቦታ እንዲያገኝ ዋስትና ሰጠ። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በሰሜን ቨርጂንያም፣ የአካባቢው የማኅበረሰብ ኮሌጅና የጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ በ2018 በጋራ በጀመሩት ዕቅድ ተማሪው ገና ኮሌጅ ሲገባ ዩኒቨርሲቲው ድረስ የሚወስደው መንገድ ተለይቶ ይታወቅለታል። እነዚህ ሁሉ የሚያስተምሩን አንድ ነገር ነው። የተማሪው ጉዞ የሁለት ተቋማት የጋራ ኃላፊነት ነው፤ ውጤቱም ለሁለቱም መቆጠር አለበት።

ወደ ሀገራችን ስንመለስ ጥያቄው እንግዳ ሆኖ አናገኘውም። የማታውንና የቅዳሜና እሑዱን ተማሪ የማያውቅ ሠፈር የለም። በሀገራችን አቆጣጠር በሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በተሰጠው የመውጫ ፈተና 150,184 ተማሪዎች ተቀምጠው 61,054፣ ማለትም 40.65 በመቶ አልፈዋል። ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62.37 በመቶ፣ ከግል ተቋማት ተፈታኞች ደግሞ 17.2 በመቶ አልፈዋል። ይህ አኀዝ በየቤቱ ተነግሯል፤ ብዙም አነጋግሯል። ነገር ግን ከዕድሩ ጸሐፊ የጠየቅነውን እዚህም እንጠይቅ። ከስንት ውስጥ? መቶው የተቆጠረው ለፈተና ከተቀመጡት ነው። ከአራትና ከአምስት ዓመት በፊት አብረዋቸው ገብተው በመሐል የቀሩት በዚህ መቶ ውስጥ የሉም። ይህን ስንል ፈተናውን መንቀፋችን አይደለም፤ ፈተና የሚለካው የተፈታኙን ዕውቀት ነው፤ የተቋሙን ማድረስ አለማድረስ ግን ብቻውን ሊለካ አይችልም። አንድ ተቋም ደካማውን በየዓመቱ እያራገፈ ጥቂቶችን ለፈተና ቢያቀርብ ከፍተኛ መቶኛ ሊያገኝ ይችላል፤ የገባውን ሁሉ ይዞ የቆየው ደግሞ ዝቅ ሊል ይችላል። የአሜሪካው የሠላሳ ዓመት ታሪክ ለእኛ የሚጠቅመን ስሕተቱን ሳንደግም እንድንጀምር ነው።

ከዚህ በመነሣት የሠፈር ማኅበር አባላት፣ ሠራተኞችና ወላጆች የትምህርት ተቋም ሪፖርት በቀረበላቸው ጊዜ ሁሉ አራት ጥያቄዎችን ማንሳት መብታቸውም ግዴታቸውም መሆኑን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ከስንት ውስጥ? የማታው፣ የትርፍ ጊዜው፣ አቋርጦ የተመለሰው ተቆጥሯል ወይ?

ሁለተኛ፣ እስከ መቼ? የተሰጠው ጊዜ እየሠራ ለሚማር ሰው የሚበቃ ነው ወይስ ለደጎመው ሰው ብቻ የተሰላ ነው?

ሦስተኛ፣ ያልተመረቁት የት ሄዱ? ተዛውረው ከሆነ ትምህርታቸው ታወቀላቸው ወይስ እንደገና ከፈሉ? ትተው ከሆነ ያስተዋቸው ዕውቀት ማነስ ነው ወይስ የመሳፈሪያ ገንዘብ?

አራተኛ፣ ቁጥሩ ምን ይሠራበታል? ደካማውን ለማገዝ ነው ወይስ ከበር ለመመለስ?

እነዚህን ለመጠየቅ የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። የዕድሩን መዝገብ ማገላበጥ የሚችል፣ የኮሌጁንም ሪፖርት መመርመር ይችላል። መለኪያ የሕዝብ ዓይን ነው፤ ዓይኑ የሚያየው ቀን በፀሐይ የሚማረውን ብቻ ከሆነ፣ ማታ በመብራት የሚማረው በሀገሩ ጨለማ ውስጥ ይቀራል። በአምስተኛው ወይም በስምንተኛው ዓመት፣ ሥራውን ሳይለቅ፣ ቤተሰቡን ሳይበትን ዲግሪውን የሚቀበል ሰው የማንም ሪፖርት ጉድለት አይደለም። የሕዝብ ኮሌጅ ለምን እንደተከፈተ የሚመሰክር እርሱ ነው፤ መቆጠርም ያለበት ከእርሱ ጀምሮ ነው።